የሠራተኞችን የሕክምና ወጪ በአኗኗር ማሻሻያ መርሐ ግብር መቀነስ ይቻላል?

ጥያቄ (የሰው ሀብት አስተዳደር ባለሙያ፣ ጎንደር)

ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ከተማ በሚገኝ፣ አራት መቶ ገደማ ሠራተኞች ባሉት ድርጅት ውስጥ በሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል እሠራለሁ። ድርጅታችን በኅብረት ስምምነቱ መሠረት የሠራተኛውን የሕክምና ወጪ ሙሉ በሙሉ፣ የትዳር ጓደኛንና የልጆችን ደግሞ በከፊል የሚሸፍን ሲሆን፣ ይህ ወጪ ከዓመት ወደ ዓመት እያደገ ሄዶ አሁን ለሥልጠና ከምንይዘው በጀት በልጧል። ደረሰኞቹን አንድ በአንድ ሳገላብጥ ያየሁት ነገር አሳስቦኛል። በቁጥር የሚበዙት የጉንፋን፣ የታይፎይድና የጨጓራ ደረሰኞች ቢሆኑም ገንዘቡን የሚወስዱት ጥቂቶቹ ናቸው፤ እነርሱም የስትሮክ፣ የልብ ሕመም፣ የኩላሊት እጥበትና ወደ አዲስ አበባ ሪፈር የተጻፈላቸው የስኳር ሕሙማን ደረሰኞች ናቸው። ከነዚህ ሰዎች መካከል ገና አምሳ ዓመት ያልሞላቸው፣ ልጆቻቸውን አስተምረው ያልጨረሱ አሉ።

ማኔጅመንቱ በሚቀጥለው በጀት ዓመት የአኗኗር ማሻሻያ መርሐ ግብር እንዲጀመር ወስኖ ዕቅዱን እንዳዘጋጅ አዞኛል። እስካሁን የቀረቡልኝ ሐሳቦች ከአንድ ጂም ጋር ውል መዋዋል፣ ቅዳሜ ጠዋት የእግር ጉዞና ስፖርት ማካሄድ፣ እንዲሁም በዓመት አንድ ቀን የጤና ቀን አዘጋጅቶ ባለሙያ ጋብዞ ትምህርት መስጠት ናቸው። ሐሳቦቹን አልጠላኋቸውም፤ ነገር ግን የፋይናንስ ክፍሉ «ይህ ገንዘብ በስንት ጊዜ ተመልሶ ይመጣል?» ብሎ ሲጠይቀኝ የምመልሰው አጣሁ። በዚህ ሙያ ያላችሁ፣ በተግባርም ያያችሁ ሰዎች ከየት መጀመር እንዳለብንና ምን መጠበቅ እንደምንችል ብትነግሩኝ ውለታችሁን አልረሳውም።

መልስ (የውስጥ ደዌ ሐኪም)

እህቴ፣ ደረሰኞቹን ለይተሽ ማየትሽ ሥራውን ግማሽ መንገድ አድርሶታል። እንዳልሽው ገንዘቡን የሚበላው መጨረሻው ነው። ስትሮክ ሆኖ ወደ እኛ የሚመጣ ሰው ከዚያ በፊት ለብዙ ዓመታት ደም ግፊት ይዞ ሲሠራ፣ ሲወጣና ሲገባ የኖረ ነው። ብዙ ሰው «ደሜ ከፍ ሲል ራሴን ስለሚያመኝ አውቀዋለሁ» ይላል፤ ይህ እምነት ሰው እየገደለብን ነው። ደም ግፊት በአብዛኛው ምንም ምልክት ስለማያሳይ ሳይለኩት ማወቅ አይቻልም።

እ.ኤ.አ. በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ በተካሄደው ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች ጥናት መሠረት ከአዋቂዎች መካከል ደም ግፊት የተገኘባቸው 16 በመቶ ገደማ ነበሩ፤ ከተጠኑትም አብዛኞቹ ከዚያ በፊት ተለክተው አያውቁም ነበር። ይህን ወደ እናንተ ድርጅት ብናመጣው ከአራት መቶ ሠራተኞች ውስጥ 60 ያህሉ ደም ግፊት አለባቸው ማለት ነው፤ ሠራተኞቻችሁ በዕድሜ ገፋ ያሉ ከሆነ ቁጥሩ ከዚህም ይበልጣል። ስለዚህ በእኔ አስተያየት የመጀመሪያው ብር መውጣት ያለበት ለጂም ሳይሆን ለልኬት ነው።

ልኬቱ ግን እንደ ነገሩ መሆን የለበትም። ሠራተኛው ደረጃ ወጥቶ፣ ቡና ጠጥቶ፣ ቆሞ እያወራ ሲለካ የሚገኘው ቁጥር ያሳስታል። አምስት ደቂቃ ያህል በዝምታ ቁጭ ይበል፤ ጀርባውን ይደገፍ፣ እግሮቹ መሬት ይርገጡ፣ ክንዱም በልቡ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ይረፍ። የላይኛው 140 ወይም የታችኛው 90 ከደረሰ በሌላ ቀን ይደገማል፤ በአንድ ልኬት ብቻ ለማንም ሰው የዕድሜ ልክ መድኃኒት አይጀመርም። ቁጥሩ እጅግ ከፍ ያለ ከሆነ ወይም የደረት ሕመምና የአካል መዛል ካለ ግን በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት። የስኳር ምርመራውን በተለይ አርባ ዓመት ለሞላቸው፣ ክብደታቸው ለጨመረ ወይም በቤተሰባቸው ስኳር ላለባቸው ብታስቀድሙ ጥሩ ነው፤ በባዶ ሆድ ተለክቶ 126 ሚሊግራም ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ውጤት ተደግሞ ሊረጋገጥ ይገባል።

ከልኬቱ የሚከብደው የሚከተለው ነው። ሠራተኛው የአንድ ወር መድኃኒት ይሰጠዋል፤ ይጨርሰዋል፤ ተለክቶ «ወርዷል» ሲባል ድኛለሁ ብሎ ያቆማል። የወረደው መድኃኒቱ ስላወረደው እንደሆነ የሚነግረው አላገኘም። መሥሪያ ቤት ሐኪም የማይችለውን ነገር ማድረግ የሚችለው እዚህ ላይ ነው፤ ለክትትል የሚሄድበትን ግማሽ ቀን ከፈቃዱ ሳይቆርጥ መስጠት፣ የመድኃኒቱን ወጪ ሳያጓትት መሸፈን፣ በክሊኒካችሁ ያለችው ነርስ ቀጠሮውን እንድታስታውሰውና በየወሩ እንድትለካው ማድረግ። ነርስ ይህን ትችላለች ወይ የሚል ካለ፣ መልሱ ከዚህ ከጎንደር ሩቅ አይደለም፤ የስኳርና የሚጥል በሽታ ሕሙማን ከገጠር ሆስፒታል ድረስ መመላለስ ሲያቅታቸው ክትትሉ ወደየአካባቢያቸው ጤና ጣቢያ እንዲወርድ ተደርጎ በሠለጠኑ ነርሶች ሲሠራ ኖሯል።

አንድ ነገር ልጨምር። ስኳር ያለበትን ሁሉ «በልቶ በልቶ ያመጣው ነው» ብላችሁ በትምህርታችሁ አታስተምሩ። በእኛ አካባቢ ቀጫጭን የሆኑ፣ ከድኻ ገበሬ ቤተሰብ የመጡ፣ ያለ ኢንሱሊን መኖር የማይችሉ ብዙ ሕሙማን አሉ፤ ይህም ለረጅም ጊዜ ሲጠና የኖረ ጉዳይ ነው። እንዲህ ያለ ሠራተኛ በስብሰባ መካከል በአኗኗሩ እንደ ጥፋተኛ ሲቆጠር ከክትትሉም ይሸሻል።

መልስ (በጤና ኢኮኖሚክስ የተማርሁ፣ በመድን ዘርፍ የሠራሁ)

የፋይናንስ ክፍሉ ያነሣው ጥያቄ ተገቢ ስለሆነ በቁጥር ልመልስ እሞክራለሁ። እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ የወጣ አንድ የታወቀ ትንታኔ ቀደም ሲል የተሠሩ ጥናቶችን አሰባስቦ፣ ለእንዲህ ያለ መርሐ ግብር የወጣ እያንዳንዱ ዶላር የሕክምና ወጪን 3.27 ዶላር ያህል ይቀንሳል የሚል ድምዳሜ ላይ ደርሶ ነበር። ይህ ቁጥር በየአማካሪው ጽሑፍ ላይ እስካሁን ይጠቀሳል፤ ለእናንተም መርሐ ግብር ሊሸጥ የሚመጣ ሰው ይዞት መምጣቱ አይቀርም።

ሆኖም ከዚያ በኋላ ሠራተኞችን ወይም የሥራ ቦታዎችን መርሐ ግብሩን የሚያገኙና የማያገኙ ብለው በዕጣ የመደቡ ጥናቶች ሌላ ነገር አሳዩ። በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ አምስት ሺህ የሚጠጉ ሠራተኞች በዕጣ ተመድበው የተካሄደው ጥናት በሕክምና ወጪ ላይ ጉልህ ልዩነት አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመውና 33,000 ገደማ ሠራተኞች ባሉት የጅምላ መደብሮች ድርጅት ውስጥ የተካሄደው ጥናትም ከ18 ወራት በኋላ ሠራተኞቹ «ስፖርት እሠራለሁ፣ ክብደቴን እቆጣጠራለሁ» ማለታቸው መጨመሩን እንጂ በደም ግፊታቸው፣ በኮሌስትሮላቸው፣ ከሥራ በመቅረታቸውም ሆነ በወጪያቸው ላይ ልዩነት አላየም።

ልዩነቱ ከየት መጣ ቢባል፣ በቀደሙት ጥናቶች በፈቃዳቸው የተመዘገቡት ካልተመዘገቡት ጋር ስለተነጻጸሩ ነው። እናንተም ቅዳሜ ጠዋት ወደ ጎሃ ኮረብታ የእግር ጉዞ ብትጠሩ ማን እንደሚመጣ አስቡት፤ ድሮም ኳስ የሚጫወተው፣ ድሮም የማያጨሰው ወጣት ነው። እርሱ በዓመቱ መጨረሻ ዝቅተኛ ወጪ ቢያሳይ ጉዞው ያስገኘው ውጤት አይደለም፤ ያን ወጪ ድሮም አያወጣም ነበር። ደረሰኙ የሚያሳስባችሁ ዓይነት ሰው፣ ለምሳሌ የአርባ ስምንት ዓመት የሒሳብ ሠራተኛ፣ ግን ቤቱ ነው።

ከሁሉም ይልቅ ለእናንተ የሚጠቅመው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው የፔፕሲኮ ኩባንያ መርሐ ግብር ግምገማ ይመስለኛል። ኩባንያው ሁለት ነገር ይሠራ ነበር፤ አንደኛው ለጤነኛው ሠራተኛ የአኗኗር ምክር፣ ሁለተኛው በሽታው አስቀድሞ ላለበት ሠራተኛ የቅርብ ክትትል። ለበሽታ ክትትሉ የወጣው እያንዳንዱ ዶላር 3.80 ዶላር ሲመልስ ለአኗኗር ምክሩ የወጣው ግን 50 ሳንቲም ብቻ መልሷል። ስለዚህ ሐኪሙ ከላይ የጻፉትን እኔ ከገንዘቡ አቅጣጫ ደግፌ እቆማለሁ።

ይህን ስል አኗኗርን መለወጥ ዋጋ የለውም ማለቴ እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልኝ። በአሜሪካ ስኳር በሽታ ሊይዛቸው የተቃረቡ ከ3,000 በላይ ሰዎች በተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመው ጥናት፣ ክብደታቸውን ቢያንስ በ7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የተረዱት ሰዎች በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀንሷል፤ ሜትፎርሚን የተባለው የስኳር መድኃኒት የተሰጣቸው በ31 በመቶ ነው የቀነሰላቸው። ነገር ግን እነዚያ ሰዎች በዓመት አንድ ቀን ንግግር ሰምተው አልተበተኑም፤ ከአንድ የሚያውቃቸው አሠልጣኝ ጋር በተከታታይ እየተገናኙ፣ የበሉትን እየመዘገቡ፣ እየተመዘኑ ነው እዚያ የደረሱት። በቻይናዋ ዳቺንግ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1986 የተጀመረው ተመሳሳይ ሥራ ደግሞ ስኳር በሽታን በአማካይ አራት ዓመት ያህል አዘግይቷል፤ በሞት ላይ ያመጣው ቅናሽ የታየው ግን ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ጥቅሙ እውነተኛ ነው፤ በአንድ የበጀት ዓመት ግን አይታይም።

እንዲያውም ለፋይናንስ ክፍሉ አስቀድመሽ መንገር ያለብሽ ነገር በመጀመሪያው ዓመት ወጪው ከፍ ሊል እንደሚችል ነው። ከ60ዎቹ መካከል እስካሁን ያልታወቁት ሲታወቁ መድኃኒትና ምርመራ ይጠይቃሉ። ይህን አስቀድማችሁ በዕቅዱ ካልጻፋችሁት በዓመቱ መጨረሻ «መርሐ ግብሩ ወጪ ጨመረ» ተብሎ ይዘጋል፤ እንዲህ ሆኖ የተዘጋ አይቻለሁ፤ ያኔም የተገኙት ሕሙማን ሜዳ ላይ ቀሩ። የዓመቱ መለኪያ ብር አይሁን፤ ደም ግፊት ካለባቸው ሠራተኞች ውስጥ ስንቶቹ ክትትል ላይ ናቸው፣ ከነዚያስ የስንቶቹ ቁጥር ከ140/90 በታች ወርዷል የሚለው ይሁን።

መልስ (የሠራተኞች ክበብ ኃላፊ፣ አዘዞ)

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ነገር ግን ሠራተኛው በቀን አንዴ፣ አንዳንዱም ሁለቴ የሚበላው እኔ ከማስተዳድረው ወጥ ቤት ስለሆነ ያየሁትን ልጻፍ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይበቃል ይላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ መሆኑ ነው። እኛ ወጥ ቤት ግን ጨው የሚገባው አንድ ጊዜ አይደለም። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል፤ ሽሮው ተቀምሞ ሲፈጭ በርበሬውም ጨውም አብሮ ይፈጫል፤ ሽሮው ድስት ላይ ሲንተከተክ ወጥ ሠሪዋ ቀምሳ በእጇ ትጨምራለች፤ ሳህኑ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ደግሞ በላተኛው ሳይቀምስ የጨው ዕቃውን ያነሣል። ማንም ሰው አጠፋ ለማለት አይቻልም፤ ሁሉም ጥቂት ጥቂት ነው የጨመረው።

ያደረግነው ቀላል ነው። ሽሮውና በርበሬው ያለ ጨው እንዲፈጭ ከሚያቀርቡልን ሴቶች ጋር ተስማማን፤ ወጥ ሠሪዎቹ በእጃቸው ሳይሆን በማንኪያ ለክተው እንዲጨምሩ አደረግን፤ የጨው ዕቃውን ከጠረጴዛ አንሥተን ለጠየቀ ብቻ እንሰጣለን። መጠኑን በአንድ ጊዜ ብንቀንሰው ኖሮ ሰው ይሸሸን ነበር፤ ቀስ በቀስ ስለቀነስነው ግን ምላሱ ለመደው፤ አሁን ሌላ ቦታ በልተው ሲመጡ «ጨው በዛብኝ» የሚሉን አሉ። ከጨው ይልቅ ያስቸገረን ዘይቱ ነው። በጾም ቀን ሰው ሳይበላ ስለሚውል ወጡ ዘይት ካላንሳፈፈ አልጠገብኩም ይላል፤ አትክልትና ጥራጥሬው የጾም በረከት ሆኖ ሳለ ዘይቱ ያበላሸዋል።

ሻይውንም ተመልከቱት። ቀድሞ ስኳሩ ቴርሞሱ ውስጥ ተበጥብጦ ነበር የሚቀርበው፤ ያልፈለገም አብሮ ይጠጣ ነበር። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ገደማ ስለሆነ በአንድ ስኒ ሦስት ማንኪያ፣ በቀን ሦስት ስኒ የሚጠጣ ሰው ከሻይ ብቻ 36 ግራም ያገኛል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ቢቻል በቀን ከ25 ግራም እንዳያልፍ ይመክራል። አሁን ሻይውን ያለ ስኳር አቅርበን ስኳሩን ለብቻ በትንሽ ማንኪያ እናስቀምጣለን። ለዚህ ሁሉ ከድርጅቱ አንድ ብር አልጠየቅሁም።

መልስ (የመሠረታዊ ሠራተኛ ማኅበር አባል)

ሐሳቡን እደግፋለሁ፤ ሠራተኛው ግን የሚያነሣው ጥያቄ ካልተመለሰ ማንም ክንዱን አይሰጥም። ውጤቱ በማን እጅ ይቀመጣል? በሰው ሀብት ክፍል የግል ማኅደር ውስጥ የሚገባ ከሆነ የዕድገት ውድድር ሲመጣ «ይህ ሰው ስኳር አለበት፣ ኃላፊነቱን አይችለውም» እንደሚባል ሁሉም ያስባል፤ ይህ ፍርሃት ከንቱ ነው ሊባል አይችልም። ስለዚህ ውጤቱ በክሊኒኩና በሠራተኛው መካከል ብቻ ይቅር፤ ማኔጅመንቱ ስም የሌለበት ጠቅላላ ቁጥር ብቻ ይቀበል፤ ይህም በቃል ሳይሆን በኅብረት ስምምነቱ ውስጥ በጽሑፍ ይግባ። ክብደቱን ያልቀነሰ ወይም ሲጋራ ያላቆመ ጥቅማ ጥቅሙ ይቀነስ የሚል አሠራር በውጭ አገር እንዳለ ሰምቻለሁ፤ እዚህ ከመጣ ማኅበራችን አይቀበለውም።

ሌላው የቅዳሜ ስፖርት ለማን እንደታሰበ ይጠየቅ። ጫኝና አውራጁ ቀኑን ሙሉ ጆንያ ተሸክሞ ይውላል፤ እርሱ የሚያስፈልገው ዕረፍትና ወገቡን የሚያድንለት አሠራር ነው። የጥበቃ ሠራተኛው ሌሊቱን ቁጭ ብሎ በጣፋጭ ሻይ ነቅቶ ያድራል፤ ልኬቱ በቀን ብቻ ከሆነ እርሱን መቼም አታገኙትም። በኤጀንሲ የተቀጠሩት የጽዳት ሠራተኞችም ከሽፋኑ ውጭ ናቸው፤ ቢያንስ ልኬቱ እነርሱንም ያካትት። ቁጭ ብሎ ለሚውለው የቢሮ ሠራተኛ ደግሞ ከጂም ይልቅ ሰርቪሱ ትንሽ ራቅ አድርጎ ቢያወርደው ይሻላል፤ ጠዋትና ማታ አሥራ አምስት አሥራ አምስት ደቂቃ ቢራመድ ከሰኞ እስከ ዓርብ 150 ደቂቃው ይሞላል።

ከጠያቂዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የጂሙን ውል ለጊዜው ትቼ ገንዘቡን ለጥሩ የደም ግፊት መለኪያዎች፣ ለነርሷ ሥልጠናና ለመድኃኒት ሽፋን እንዲውል እጠይቃለሁ፤ የሌሊት ጥበቃዎችን ደግሞ ፈረቃ ሲለዋወጡ ማለዳ እንዲለኩ አደርጋለሁ፤ የውጤት ምስጢራዊነቱን ከማኅበሩ ጋር ተፈራርመን እንጀምራለን። አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል፤ ለዶክተር ነው። ሠራተኞቻችን አብዛኞቹ ጿሚዎች ናቸው፤ የረመዳን ጿሚዎችም አሉን። በዐቢይ ጾም መድኃኒታቸውን የሚያቋርጡ እንዳሉ ነርሷ ነግራኛለች። ምን እናድርግ?

መልስ (የውስጥ ደዌ ሐኪሙ)

ይህ ጥያቄ በመነሣቱ ደስ ብሎኛል። ጾሙ ሳይገባ ሁለትና ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ መድኃኒት ላይ ያሉትን ሠራተኞች ሁሉ ነርሷ ወደ ሐኪማቸው ትላካቸው። በቀን አንዴ የሚወሰዱ እንደ አምሎዲፒን ያሉ የደም ግፊት መድኃኒቶችን ሐኪሙ ሰዓታቸውን ወደ ማታ ሊያዞርላቸው ይችላል፤ ዋናው በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መወሰዳቸው ነው። የሚያስፈራው ስኳር ነው፤ ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም ግሊቤንክላማይድ የተባለውን የስኳር ክኒን የሚወስድ ሰው መድኃኒቱን እንደ ወትሮው ወስዶ ሳይበላ ከዋለ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ለእንዲህ ያሉት ሐኪሙ መጠኑን ያስተካክል፤ መጾም የማይገባውን ደግሞ ሐኪሙም የንስሐ አባቱም ቢነግሩት ይቀበላል፤ ለሙስሊም ወንድሞቻችንም የሃይማኖት አባታቸው ቃል ከእኔ ቃል ይልቅ ይሰማል። በራስ ፈቃድ ማቋረጥና በራስ ፈቃድ መቀነስ ግን ሁለቱም አደጋ ናቸው።

ልኬቱን በተመለከተ ጾሙን ልትጠቀሙበትም ትችላላችሁ። የስኳር ምርመራው በባዶ ሆድ መሆን ስላለበት ረቡዕ ወይም ዓርብ ጠዋት ላይ ያዙት፤ ኦርቶዶክሱ ሠራተኛ በልማዱ ቁርስ ሳይበላ ነው የሚመጣው። ለሌላው ሠራተኛ ከእራት በኋላ ከውኃ በቀር ምንም እንዳይወስድ በዋዜማው ንገሩት፤ ክበቡም በዚያን ዕለት ሻይውን ከልኬቱ በኋላ ይክፈት።